የሬድዮ ነጋዴው ራምሴ እና ሰባት ወንዶች ልጆቻቸው

አዲስ አበባ፦ በመርካቶ የሚገኘው ራስ ቴአትር ቀድሞ ሲኒማ ራስ ይባል ነበር። የአዲስ ከተማን ሕዝብ፣ ባለ ሱቁንም ተሸካሚውንም፣ ከሕንድ ፊልም ጋር ካስተዋወቁት አዳራሾች አንዱ ነው። ቋንቋውን የማይሰማው ተመልካች በዘፈኑ ይደሰት፣ በእናቲቱ እንባ አብሮ ያለቅስ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ሲኒማ ለአዲስ አበባ እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን አዳራሽ የሰይጣን ቤት ብሎት ነበር። ስያሜውን ያወጣው ፍርሃት ነው። ከባሕር ማዶ ደግሞ ይህንኑ ፍርሃት ወደ ገበያ አውጥቶ ቤተሰቡን ያኖረ አንድ ነጋዴ ነበር።

ፋተህቻንድ ራምሲንጋኒ ኑሯቸውን የመሠረቱት በካራቺ ከተማ በከፈቱት የሬድዮ ሱቅ ነው። ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ከደንበኞቻቸው መካከል እንግሊዛውያን ይገኙ ነበር። ረጅሙ ስማቸው ለእንግሊዛውያኑ አንደበት ስላልተመቸ አጥረው ራምሴ ተባሉ። ለገበያ የወጣው ስም ኋላ የቤተሰቡ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ በ1947 ሕንድ ነጻነቷን ስታገኝ ምድሯ ለሁለት ተከፈለ፤ ካራቺም የፓኪስታን ሆነች። ሚሊዮኖች አዲሱን ድንበር እያቋረጡ ሲሰደዱ ራምሴም ቤተሰባቸውን ይዘው የዛሬዋ ሙምባይ ወደሆነችው ቦምቤይ ተሻገሩ። በላሚንግተን ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከፍተው ንግዳቸውን እንደ አዲስ ጀመሩ።

ቦምቤይ የፊልም ከተማ ናትና የነጋዴው ልብ ወደዚያው አደላ። በ1954 ስለ ነጻነት ታጋዩ ባጋት ሲንግ በተሠራ ፊልም በፕሮዲውሰርነት ተሳተፉ። በ1963 ደግሞ ከፋርስ ጥንታዊ ታሪክ የተወሰደውን ሩስቶም ሶህራብን አሠሩ። ታሪኩ የገዛ ልጁን ሳያውቅ በጦር ሜዳ ስለገደለ አባት ነው። በ1970 ለእይታ የበቃው ኤክ ናንሂ ሙኒ ላድኪ ቲ የተሰኘው ፊልም ግን ከባድ ኪሳራ አመጣባቸው። ስመ ጥሩ ተዋናይ ፕሪትቪራጅ ካፑር ቢሳተፍበትም ተመልካች አላገኘም። ራምሴም ከፊልም ሥራ ጨርሰው ለመውጣት አሰቡ።

ያዳኗቸው ልጆቻቸው ናቸው። ቱልሲ እና ሺያም አዳራሽ ገብተው ፊልሙን ሳይሆን ተመልካቹን ተመለከቱ። በአንድ ትዕይንት ካፑር የሰይጣን ጭንብል አጥልቆ ሙዚየም ሊዘርፍ ይገባል፤ የተተኮሰበት ጥይትም አይበግረውም። በሌላው ክፍል ዝም ብሎ የቆየው ሕዝብ እዚህ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል፣ ይጮኻል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን አይስተውም። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ ከዕቃው ሁሉ አንዱን ብቻ እያገላበጠ ከሄደ፣ ብልህ ባለ ሱቅ በማግስቱ የሚያስመጣው ያንኑ ዕቃ ነው። ልጆቹም ሙሉው ፊልም አስፈሪ ቢሆንስ ብለው አባታቸውን ጠየቁ፤ አባትም የልጆቻቸውን ምክር ተቀበሉ።

ሥራው እንደ ቤተሰብ ሱቅ ተደራጀ። ኩማር ይጽፋል፤ ቱልሲ እና ሺያም ያዘጋጃሉ፤ ጋንጉ እና ኬሹ ካሜራውን ይይዛሉ፤ ኪራን ድምፁን፣ አርጁን ቅንብሩን ይሠራሉ። እናታቸው ለቀረጻው ቡድን ምግብ ያበስሉ ነበር። በተራራማዋ ማሃባሌሽዋር ሰፍረው በ40 ቀናት ገደማ የቀረጹት ዶ ጋዝ ዛሚን ኬ ኒቼ በ1972 ለእይታ በቃ። የፊልሙ ስም ከምድር በታች ሁለት ያርድ እንደማለት ነው። ውድ ተዋንያንና የተንጣለለ ስቱዲዮ ያልነበረው ይህ ሥራ አትራፊ ሆነ፤ የቤተሰቡም መንገድ ከዚያ በኋላ ተወሰነ።

በሕንድ ሲኒማ መንፈስ የሚታይበት ታሪክ ከእነርሱ በፊትም ነበር። በ1949 የወጣው ማሃል ዝነኛ ነው፤ ነገር ግን መንፈስ የመሰለችው ሴት በመጨረሻ ሕያው ሰው ሆና ትገኛለች። ራምሴዎች በኋላ በሠሯቸው ፊልሞች መንፈሱን እውነተኛ አደረጉት። ከሁሉ የገነነው በ1984 የወጣው ፑራና ማንዲር፣ ማለትም አሮጌው ቤተ መቅደስ ነው። ሳምሪ የተባለ ክፉ ፍጡር አንገቱ ይቆረጣል፤ ጭንቅላቱ በሣጥን ተቆልፎ ከአካሉ ተለይቶ ይቀመጣል። እርሱ ግን ከመሞቱ በፊት የንጉሡን ዘር ረግሟል፤ የቤተሰቡ ሴቶች ሁሉ በወሊድ ይሞታሉ። እርግማን ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ ለሚያምን ሕዝብ ይህ ባዕድ ነገር አልነበረም። ፊልሙ ትልቅ ገቢ አስገኘ፤ የፍጡሩም ስም በቀጣዩ ዓመት ሳምሪ ለተባለ ሌላ ፊልም ርዕስ ሆነ።

ገንዘብ መጣ፤ ክብር ግን አልተከተለውም። ሃያሲያን ሥራቸውን ርካሽ እያሉ አጣጣሉት። ታላላቆቹ ተዋንያን ወደ እነርሱ አልቀረቡም። ፊልሞቻቸው የቆሙት በትናንሽ ከተሞችና በርካሽ መቀመጫ ተመልካች ላይ ነበር። ራምሴ ግን ከወረት ንግድ ተነሥተው የመጡ ሰው ነበሩና ሚዛናቸው የደንበኛው መመለስ ነበር፤ ደንበኛውም ይመለስ ነበር።

ፋተህቻንድ ራምሴ በ1989 አረፉ። ልጆቻቸው በ1993 ዚ ሆረር ሾው በተሰኘው ተከታታይ ዝግጅት ፍርሃቱን ከአዳራሽ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት አዛወሩት። ውሎ አድሮ ወንድማማቾቹ የየራሳቸውን መንገድ ያዙ፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተሠራው ሱቅም ተበተነ። ያጣጥሏቸው የነበሩት ሥራዎች ግን ዛሬ በሕንድ የፊልም ታሪክ ውስጥ ቦታ ተሰጥቷቸው ይጠናሉ። በካራቺ ሱቅ ውስጥ ለእንግሊዛውያን እንዲመች ያጠረው ስምም በሕንድ ምድር የአስፈሪ ፊልም መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።