ክርስትያን ቢርክላንድና የተገመደው ጅረት

ፕሮፌሰር ክርስትያን ቢርክላንድ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው የኖርዌይ ከተማ በ1867 ተወለዱ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሒሳብና ፊዚክስ ተምረው በፓሪስ ከፗንካሬ፣ በቦን ከሄርትዝ ዘንድ ዕውቀታቸውን ካዳበሩ በኋላ፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማዩን የሚያለብሰው ብርሃን ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ጀመሩ። በ1896 ከፀሐይ የሚወረወር የካቶድ ጨረር በምድር ማግኔት እየተመራ ወደ ዋልታዎች ይወርዳል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡን ግን በወረቀት ላይ ብቻ አልተዉትም። አየሩ በተሳበ ሣጥን ውስጥ፣ በሆዷ ኤሌክትሮማግኔት የያዘች ሉል አኑረው ጨረሩን ቢለቁባት በዋልታዎቿ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ታየ። ከ1902 እስከ 1903 ድረስም በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በስፒትስበርገንና በኖቫያ ዘምሊያ አራት ጣቢያዎች አቁመው የማግኔት ንቅናቄን አስመዘገቡ። ከዚህም በመነሣት የኤሌክትሪክ ጅረት የማግኔት መስክ መስመሮችን ተከትሎ ከሕዋ እንደሚወርድ ደመደሙ።

በ1903 የሠሩት የኤሌክትሪክ መድፍ በታዳሚ ፊት ተበላሽቶ ታላቅ የእሳት ብልጭታ ፈጠረ። እርሳቸው ግን ከውድቀቱ ትርፍ አወጡ፤ ከመሐንዲሱ ሳም አይደ ጋር ሆነው በዚያው ዓይነት ብልጭታ ከአየር ናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚሠራበትን ዘዴ ፈለሰፉ። ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያም በ1905 በዚሁ ላይ ተመሠረተ።

በ1917 በ49 ዓመታቸው ቶኪዮ ላይ ሲያርፉ ግን ዋናው ሐሳባቸው ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ሲድኒ ቻፕማን የተባሉት ታላቅ ሊቅ ጅረቱ ከላይኛው አየር አይወጣም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን ለመፍታት ያስቸገረው ሁለቱም ዓይነት ጅረቶች ምድር ላይ ባለ መሣሪያ አንድ ዓይነት ምልክት ሊሰጡ መቻላቸው ነው። ፍርዱ የተሰጠው መለኪያው ወደ ጅረቱ ውስጥ ሲገባ ነው። በ1963 የመጠቀች አንዲት ሳተላይት ከመስኩ ጋር አግድም የሆነ ንቅናቄ መዘገበች፤ ውጤቱ በ1966 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የቢርክላንድ ጅረት ምልክት መሆኑ ተተነተነ።

የቤተ ሙከራ ፕላዝማ መርማሪዎችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። በመስክ መስመር የሚሄድ ጅረት በዙሪያው ሌላ መስክ ስለሚፈጥር መስመሮቹ እንደ ገመድ ይጠማዘዛሉ። ይህን ለመለካት በሦስት አቅጣጫ የተደረጉ ጥቃቅን ጥቅል ሽቦዎች ፕላዝማው ውስጥ ይገባሉ፤ መስኩ ሲለዋወጥ የሚወለደው ቮልቴጅ በጊዜ ተደምሮ የመስኩን ለውጥ በየአቅጣጫው ይሰጣል። ፊትና ኋላ በተቀመጡ ሁለት የብረት ገጾች ላይ የሚያርፈው ጅረት ሲነጻጸር ደግሞ የፕላዝማው ፍሰት ይታወቃል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የቢርክላንድ ሕይወት የሚያስተምረን ይህ ነው፦ የቱንም ያህል ንባብ ከሩቅ ቢሰበሰብ፣ ሁለት መልስ የሚሰጥ ልክ ገና እንዳልተለካ ይቆጠራል።