ክሊፎርድ ቢርስና የበሽተኛው ጓደኛ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ጦር የመራውን፥ አገር ያቀናውን ወይም አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈውን ነው። ዛሬ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሰው ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ክሊፎርድ ቢርስ ስሙ የታወቀው አእምሮው ታውኮ ስለ ታመመና ከዳነ በኋላ የደረሰበትን ሁሉ ሳይሸሽግ ስለ ተናገረ ነው። ሲታመም ዕድሜው 24 ዓመት፥ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣም ገና ሦስት ዓመቱ ነበረ። ስለዚህ ታሪኩ ከእኛ ከተማሪዎች የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቢርስ በ1876 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኮነቲከት ግዛት፥ ኒው ሄቨን በምትባለው ከተማ ተወለደ። በ1894 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ታላቅ ወንድሙን የሚጥል በሽታ ያዘው። ቢርስም ይህ በሽታ ነገ እኔንም ይጥለኛል እያለ ይሠጋ ጀመር። ሥጋቱ እስከ ክፍል ድረስ ተከተለው፤ በመምህርና በተማሪዎች ፊት ተነሥቶ መልስ መስጠት ከፈተናው ሁሉ የከበደ ጭንቅ ሆነበት። ቢሆንም በ1897 ዓ.ም. ተመረቀና በኒው ዮርክ ከተማ ሥራ ያዘ። ላዩን ላየው ሰው ጤነኛ ጐልማሳ ነበረ።

በ1900 ዓ.ም. የበጋ ወራት መጀመሪያ ላይ ግን ጭንቀቱ ስለ በረታበት ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም የገዛ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ። እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። የሚጥል በሽታ ይይዘኛል የሚለው ፍርሃት በዚያው ጠፋ፤ በእርሱ ፈንታ ሌላ የባሰ ሐሳብ ገባበት። ሕይወቴን ለማጥፋት ስለ ሞከርሁ ፖሊስ ይከታተለኛል፥ አስታማሚዎቹም ሰላዮች ናቸው፥ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ወንድሜም ወንድሜን መስሎ የቀረበ ሌላ ሰው ነው ብሎ አመነ። አንድ ቃል ቢወጣኝ ማስረጃ ይሆንብኛል ብሎም ከቤተ ሰቡና ከሐኪሞቹ ጋር መነጋገሩን ተወ። በዚህ ሁኔታ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረ።

ከዚህ ጭለማ እንዴት እንደ ወጣ መመልከት ይገባናል። ሐኪሞቹ የነገሩትን አላመነም፤ ዘመዶቹ ቢምሉለትም አላመነም፤ እነርሱ ሁሉ የተጠረጠሩ ናቸውና። ያመነው እንደ እርሱ በሽተኛ የነበረውን አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ወደ ከተማ ለመውጣት ፈቃድ ነበረው። የቢርስን ጥርጣሬ ሲሰማ አልሣቀበትም፤ ተሳስተሃል ብሎም አልተከራከረውም። ይልቁንም ነገሩን እኔ ልመርምርልህ አለውና የኒው ሄቨን ነዋሪዎች ስምና አድራሻ የሚታተምበትን መጽሐፍ ፈልጎ ተመለከተ። የወንድሙም ስም ከነአድራሻው ተገኘ።

ቢርስ በዚህ ተነሥቶ ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ እውነተኛው ወንድሙ ከሆነ ይህንኑ ደብዳቤ በእጁ ይዞ እንዲመጣ አዘዘው። ሰላዩ በዚያ ቤት የማይኖር ከሆነ ደብዳቤው ሊደርሰው አይችልምና ፈተናው አሳማኝ ነበረ። ነሐሴ 30 ቀን 1902 ዓ.ም. ወንድሙ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ሲካብ የኖረው ጥርጣሬ በአንድ ቀን ፈረሰ።

ሕመሙ ግን በዚህ አላበቃም። ከሐዘን ወደ ከፍተኛ ሞቅታ ተሻገረ፤ እንቅልፍ አጣ፤ ዓለምን ላሻሽል አለ። ስለዚህም እጅን ከደረት ጋር ጠፍንጎ በሚያስር የሸራ ልብስ ለ21 ሌሊቶች ታሰረ፤ በብርድ ክፍልም ተዘጋበት፤ በጠባቂዎችም ተደበደበ። አፋቸው የተያዘ በሽተኞች ሲመቱም አየ። ከታሰረበት ሆኖ ለግዛቱ አገረ ገዥ ረዥም ደብዳቤ ጻፈ፤ ያየውንም ሁሉ አንድ ቀን በመጽሐፍ ለማውጣት ቈረጠ። በ1903 ዓ.ም. ከሐኪም ቤት ወጣ።

መጽሐፉ በ1908 ዓ.ም. ታተመ። ስመ ጥሩው የፍልስፍናና የሥነ ልቡና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ የምስክርነት ደብዳቤ ስለ ሰጠው አንባቢ የዕብድ ቃል ነው ብሎ ሊንቀው አልቻለም። በዚያው ዓመት የኮነቲከት የአእምሮ ጤና አጠባበቅ ማኅበር፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፉ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1913 ዓ.ም. በሽተኞች ሳይተኙ የሚታከሙበት ክሊኒክ በኒው ሄቨን ተከፈተ። በ1930 ዓ.ም. በዋሽንግተን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአእምሮ ጤና አጠባበቅ ጉባኤ ተደረገ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የለመነውና ሰው ያሰባሰበው ቢርስ ነው።

ሆኖም ሥራውን ስንመዝን አንድ ጉድለት እናያለን። ኮሚቴው በሐኪሞች፥ በፕሮፌሰሮችና በባለጠጎች ተሞላ፤ ቢርስን ከጥርጣሬው ላወጣው ለዚያ ዓይነት በሽተኛ ግን በጉባኤው ወንበር አልተዘጋጀለትም። ድነው የወጡ ሰዎች ሌላውን ታማሚ የሚደግፉበት ሥራ ደመወዝና ሥልጠና ያገኘው ብዙ ዓመታት ቈይቶ፥ በአሜሪካ ወደ 20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ከሕመም ያገገሙ ወጣቶች ለወጣት ታማሚዎች የአቻ ደጋፊ ሆነው ይሠራሉ። የአቻ ደጋፊ መድኃኒት አያዝም፥ የበሽታውንም ስም አይሰይምም። እኔም በዚህ አልፌያለሁ ብሎ ያዳምጣል፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለፈራውም አብሮት ይሄዳል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ግን ምስጢር ብሎ አይደብቅም፤ ሊረዳ ለሚችለው ያስታውቃል።

ቢርስ በ1939 ዓ.ም. እንደ ገና ታመመ፤ በገዛ ፈቃዱም በሮድ አይላንድ ግዛት፥ በፕሮቪደንስ ከተማ ወደሚገኘው በትለር ሐኪም ቤት ገባ። በ1943 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። ይህን አይቶ ድካሙ ከንቱ ነበረ የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም። ሕመም ተመልሶ መምጣቱ በመካከል የተሠራውን ሠላሳ ዓመት የሚሞላ ሥራ አይሽረውም። ታሞ መዳን፥ ድኖም መታመም የሰው ሁሉ ዕጣ ነውና።

የቢርስ ስም በመጽሐፍ ሲነሣ ይኖራል፤ አድራሻውን የፈለገለት በሽተኛ ስም ግን አይታወቅም። በመኝታ ቤታችን ውስጥ ከምግብ የቀረ፥ ከክፍል የጠፋ፥ ከሰው የሸሸ ጓደኛ ሲኖር አብዷል ብለን ስም ማውጣት ይቀለናል። የሚሻለው ግን አጠገቡ ቁጭ ብለን ሳንስቅና ሳንከራከር ማዳመጥ፥ ኋላም ወደ ሐኪም አብረነው መሄድ ነው። ይህን ለማድረግ ዲግሪ እስክንቀበል መጠበቅ የለብንም።