በጣቶቿ ታዳምጥ የነበረችው ሄለን ኬለር

ሄለን ኬለር ማየትና መስማት ሳትችል ከፍተኛ ትምህርት የጨረሰች ሴት መሆኗን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሰው ሲናገር ቃሉን በምን ትለየው እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነገርም። እኛም በዚሁ ላይ እናተኩራለን።

ሄለን እ.ኤ.አ. በ1880 በአሜሪካ፣ በአላባማ ተወለደች። በ19 ወር ዕድሜዋ በጽኑ ታማ ዓይኗንም ጆሮዋንም አጣች። በ1887 አን ሱሊቫን የተባለች አስተማሪ መጥታ በመዳፏ ላይ በጣት ፊደል ታስተምራት ጀመር። በ1890 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ሣራ ፉለር የምትባል መምህርት የልጅቱን እጅ በገዛ ፊቷ ላይ እያሳለፈች፣ ምላስና ከንፈር ለየድምፁ እንዴት እንደሚሆኑ አስዳሰሰቻት። ትምህርቱ 11 ጊዜ ብቻ ነበር።

ሄለን ሰው ሲያነጋግራት አውራ ጣቷን በተናጋሪው ጉሮሮ፣ ሌባ ጣቷን በከንፈሩ፣ የመሀል ጣቷን በአፍንጫው ላይ ታሳርፋለች። ከንፈሩ ብቻ ለምን አልበቃትም? እስቲ በመስተዋት ፊት ቆመን «በራ» ቀጥሎም «መራ» እንበል። ከንፈራችን በሁለቱም አንድ ዓይነት ይገጥማል፤ በዓይን መለየት ያስቸግራል። አፍንጫችንን ብንነካ ግን «መ» ላይ ይነዝራል፣ «በ» ላይ አይነዝርም። «ዘራ» እና «ሠራ»ንም የሚለየው ጉሮሮ ነው፤ በ«ዘ» ይርገበገባል፣ በ«ሠ» ዝም ይላል። የሄለን ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም እነዚህ ድምፆች በዚያም አሉ።

ዘዴው ግን ተናጋሪውን መንካት ይጠይቃል። ስለዚህ ከ1900 እስከ 1904 በራድክሊፍ ኮሌጅ ስትማር፣ የመምህራኑን ቃል አን ሱሊቫን አጠገቧ ተቀምጣ በመዳፏ ትጽፍላት ነበር። ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠን አልተሰማንም እያልን የምናማርር ተማሪዎች ይህን ስናስብ እናፍራለን።

የራሷ አንደበት ነገር ግን ሌላ ነው። የሚሰማ ሰው ድምፁን በጆሮው እየተከታተለ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ የተሳሳተውን ያርማል። ሄለን ይህ አልነበራትም። ዕድሜዋን ሙሉ ብትለማመድም እንግዳ ሰው ንግግሯን በቀላሉ አይረዳውም። በስብሰባ ስትናገር አን ሱሊቫን፣ እርሷም በ1936 ካረፈች በኋላ ፖሊ ቶምሰን፣ ቃሏን ለሕዝቡ ይደግሙላት ነበር። ሄለን በ1968 በ87 ዓመቷ አረፈች። በእርጅናዋ ዘመን እንደ ገለጸችው፣ ካለማየትና ካለመስማት ይልቅ ያሳዘናት እንደ ሰው አጥርታ መናገር አለመቻሏ ነበር።