ግዙፉ ቢግ ዳዲ ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ለምን ነበር?

በምትሠሩበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ የራስ ቁር ደፍተው እንደ ኮርማ የሚጋጩ ግዙፍ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ኳሱ እንቁላል ይመስላል፤ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፤ ተከላካዮቹ ደግሞ ኳስ የያዘውን ይዘው ይጥሉታል። ዛሬ የምናጫውታችሁ በዚህ ጨዋታ ስሙ ስለገነነ ሰው ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98፣ ክብደቱ 130 ኪሎ ገደማ ነበር። አሁን በዚህ ስፖርት እንዲህ ያለ ቁመት ብዙም አያስገርምም፤ በ1950ዎቹ ግን መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩጂን ሊፕስኮም በ1931 በአላባማ ግዛት ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ ይዛው ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄደች። 11 ዓመት ሲሆነው እናቱ መንገድ ዳር አውቶቡስ ስትጠብቅ የምታውቀው ሰው በጩቤ ወግቶ ገደላት። መርዶውን ለልጁ የነገረው ቤት ድረስ የመጣ ፖሊስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሳደገው የእናቱ አባት ነበር። ልጃችሁን ለአያት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ እህቶች፣ አትደንግጡ፤ የዩጂን አያት እናንተ የምታውቁት ዓይነት አያት አልነበረም። ይገርፈዋል፤ ለሚበላውና ለሚተኛበትም ያስከፍለዋል። ስለዚህ ልጁ ምግብ ቤት ሳህን አጠበ፣ መኪና ላይ ዕቃ ጫነ። ከፍ ሲል ደግሞ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብረት ፋብሪካ ሠርቶ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። ሌሊቱን ሳይተኙ ያነጋችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ትምህርቱን ሳይጨርስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ ገባ፤ በጦር ሰፈሩ ቡድን ሲጫወትም ታየ። በ1953 ዩኒቨርሲቲ ሳይረግጥ የሎስ አንጀለስ ራምስ ፈረመለት። በ1956 ራምስ ሲያሰናብተው የባልቲሞር ኮልትስ 100 ዶላር ብቻ ከፍሎ ወሰደው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በ1958 እና በ1959 ኮልትስ ሻምፒዮን ሲሆን ከመከላከያው ምሰሶዎች አንዱ የነበረው።

ያን ያህል ገላ ይዞ እንደ ቀጭን ሰው ይሮጥ ነበር። እንዴት እንደሚከላከል ሲጠየቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ላይ አቅፌ፣ ኳስ የያዘውን እስካገኝ አንድ በአንድ እየጣልኩ ነው እያለ ይቀልድ ነበር። የጣለውን ተጫዋች ግን እጁን ይዞ ያነሳዋል። ሕፃናት ጨካኝ ነው እንዳይሉት ነው። ስም መያዝ ስለሚያቅተው ያገኘውን ሁሉ ትንሹ አባባ እያለ ይጠራ ነበርና፣ እነሱም መልሰው ቢግ ዳዲ፣ ትልቁ አባባ አሉት። አባቱን ሳያውቅ ላደገ ሰው እንዲህ ያለ ስም መውጣቱ ይገርማል። የተቸገረ ልጅ መንገድ ላይ ካየ ወስዶ ጫማና ልብስ ይገዛለት ነበር።

ሌሊት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። አብረውት ያደሩ ተጫዋቾች እንደተናገሩት አልጋውን ገፍቶ በሩ ላይ ያስደግፋል፤ ትራሱ ሥር ሽጉጥ ያስቀምጣል። አንዳንዴ ያለምንም ምክንያት ያለቅሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ፍርሃት እንዳልለቀቀው ራሱም ለጋዜጠኛ ተናግሯል። ሦስት ትዳሮቹ አልሰመሩም።

በ1961 ወደ ፒትስበርግ ስቲለርስ ተዛወረ። በጥር 1963 በተካሄደው የምርጦች ግጥሚያ ከመስመር ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተብሎ ተሸለመ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 10 ቀን፣ ባልቲሞር ውስጥ በአንድ የሚያውቀው ሰው ቤት ወድቆ ተገኘ። 31 ዓመቱ ነበር። የሐኪም ምርመራ ሄሮይን የተባለው አደንዛዥ ዕፅ በዝቶበት ነው አለ። ጓደኞቹ አላመኑም። መጠጥ ይወዳል፣ መርፌ ግን እንደ ሕፃን ነው የሚፈራው፤ ደግሞ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው እንዴት ቀኝ ክንዱን ይወጋል አሉ። ሰው ገደለው ያሉም ነበሩ። ማንም አልተፈረደበትም፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም።

ባልቲሞር ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ አስከሬኑን ተሰናበተ። የተቀበረው ግን እዚያ አይደለም። እናቱ ወደሞተችበት ወደ ዲትሮይት ወስደው፣ ከከተማዋ አጠገብ ቀበሩት።