ሮበርት ኤመርሰንና የብርሃን ቆጠራ

አረንጓዴ ተክል አንድ ሞለኪውል ኦክስጂን ለማውጣት ስንት የብርሃን ኳንተም ያስፈልገዋል? ሮበርት ኤመርሰን የዕድሜውን ትልቁን ክፍል ያሳለፈው ይህን ቁጥር በመፈለግ ነው፤ ያገኘውም ቁጥር ከገዛ መምህሩ ጋር አቃቃረው።

ኤመርሰን በ1903 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ተወለደ። በሐርቫርድ ከተማረ በኋላ ወደ በርሊን ተሻግሮ ከኦቶ ዋርቡርግ ዘንድ በ1927 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። የጋዝን ጥቃቅን ለውጥ በማኖሜትር የመለካትን ጥበብ የቀሰመው ከእኚሁ ስመ ጥር መምህር ነው።

በ1932 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከተማሪው ከዊልያም አርኖልድ ጋር፣ ክሎሬላ በምትባል ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ላይ እጅግ አጫጭር የብርሃን ብልጭታዎችን አሳረፈ። እያንዳንዱ ክሎሮፊል ለብቻው የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ኃይለኛ ብልጭታ ብዙ ኦክስጂን ባስወጣ ነበር። የተገኘው ግን ለ2,500 ያህል ክሎሮፊሎች አንድ የኦክስጂን ሞለኪውል ብቻ ሆነ። ሃንስ ጋፍሮንና ኩርት ቮል በ1936 ይህን ሲተረጉሙ፣ ብዙ ክሎሮፊሎች የለቀሙትን ኃይል እየተቀባበሉ ወደ አንድ የሥራ ማዕከል ያደርሳሉ አሉ።

ዋርቡርግ በ1920ዎቹ መጀመሪያ 4 ኳንተም ይበቃል ብለው ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ተክሉ ከዋጠው ቀይ ብርሃን ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ወደ ምግብነት ይለውጣል ማለት ነው፤ ቁጥሩ 8 ከሆነ ግን ድርሻው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ኤመርሰን ከቻርልተን ሉዊስ ጋር ደጋግሞ ሲለካ ከ8 እስከ 12 አገኘ። የልዩነቱንም ምንጭ አመለከተ፦ ብርሃኑ እንደበራ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከአልጌዋ የሚፈነጥቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማኖሜትሩ ላይ ኦክስጂን መስሎ ይቆጠር ነበር። በ1948 ዋርቡርግ ኤመርሰን ወደሚያስተምርበት ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መጥተው፣ መምህርና ተማሪ በአንድ ጣራ ሥር ቢሠሩም ሳይስማሙ ተለያዩ። ዋርቡርግ በ1970 እስኪሞቱ ድረስ ከአቋማቸው አልተነቃነቁም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤመርሰን ማንዛናር በተባለው ሠፈር ከታገቱ የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን ጋር ጓዩሌ ከተባለ ቁጥቋጦ ጎማ ለማውጣት ሠርቷል፤ ይህ የሕይወቱ ምዕራፍ እምብዛም አይነሣለትም።

በ1957 ደግሞ፣ ብቻውን ደካማ የሆነው ጥልቅ ቀይ ብርሃን አጠር ያለ ሞገድ ያለው ብርሃን ሲታከልበት እንደሚበረታ አሳየ። ከዚህም ሁለት ተባባሪ የብርሃን ሥርዓቶች እንዳሉ ታወቀ፤ አንድ ኦክስጂን ሲወጣ የሚተላለፉት 4 ኤሌክትሮኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ስለሚገፉ፣ 8 ቁጥር ምክንያት አገኘ። ኤመርሰን የዚህን ፍጻሜ አላየም። በየካቲት 1959 ከቺካጎ የተሳፈረበት አውሮፕላን በኒውዮርክ ኢስት ሪቨር ውስጥ ወድቆ በ55 ዓመቱ ሞተ።

የብልጭታው ሙከራ ያስነሣው የኃይል ቅብብል ጉዳይ ግን እስከ ኳንተም ቁርኝት ድረስ ዘለቀ። በ2007 በበርክሌይ የግራሃም ፍሌሚንግ ቡድን በቀዘቀዘ የባክቴሪያ ፕሮቲን ላይ ረጅም የኳንተም ትርታ መለካቱን አስታወቀ፤ በ2010ም የኤሌክትሮኖቹ መነቃቃት በሞለኪውሎች መካከል የተቆራኘ ሊሆን እንደሚችል በስሌት ተገለጸ። በ2017 በተራ የክፍል ሙቀት የተደረገ ልኬት ግን የኤሌክትሮኖቹ ቅንጅት በ60 ፌምቶሴኮንድ ገደማ እንደሚከስም አሳየ፤ ረጅሙ ትርታም በአብዛኛው የሞለኪውሎቹ ንዝረት እንጂ የኤሌክትሮኖች እንዳልነበረ ተመለከተ።