አጥንትን እንደ ዛፍ የቀጠለው ሐኪም፤ የዶክቶር ፍሬድ አልቢ የሕይወት ታሪክ

አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወደ ወጌሻ ሲሄድ፣ ወጌሻው በእጁ እየዳሰሰ የተለያዩትን ጫፎች ያገናኛል፤ በሸምበቆና በጨርቅም አጥብቆ ያስረዋል። ከዚያ በኋላ የቀረውን የምትፈጽመው ተፈጥሮ ናት። አጥንት ራሱን በራሱ የሚጠግን ነገር ስለ ሆነ፣ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘለትና ዕረፍት ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ነገር ግን በጥይት ወይም በበሽታ ምክንያት ከመካከሉ ቁራጭ የጎደለ እንደ ሆነ፣ የወጌሻውም ሆነ የሐኪሙ ጥበብ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። በባዶው ቦታ አጥንት መሆኑ ቀርቶ እንደ ጅማት ያለ ነገር ይበቅልበታል፤ ክንዱ ወይም እግሩም ለሥራ የማይሆን ተንጠልጣይ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜም መጨረሻው መቆረጥ ነበር።

ያን ባዶ ቦታ በምን እንሙላው? ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው ካደረጉት ሐኪሞች መካከል፣ በዘመኑ በአሜሪካም በአውሮፓም ስሙ እጅግ ታውቆ የነበረው ዶክቶር ፍሬድ ሁድሌት አልቢ አንዱ ነው። ዛሬ የአጥንትና የጥርስ ሐኪሞች ከጠርሙስ እያወጡ በጎደለው አጥንት ውስጥ የሚጨምሩት ሰው ሠራሽ ዱቄትና ጠጠር፣ ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመረመር ከዚህ ሰው ሥራ ላይ ይደርሳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

አልቢ የተወለደው በአሜሪካ በሜይን ግዛት፣ አልና በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር፣ በ1876 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሀብትም አልነበራቸውም። በልጅነቱ ያየው ሥራ ግን ኋላ ከተማረው ትምህርት ሁሉ ይልቅ ጠቅሞታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አያቱ የፍሬ ዛፎችን በመቀጠል የተካኑ ሰው ነበሩ። ከመልካሙ ዛፍ ቀንበጥ ይቆርጡና በሌላው ዛፍ ግንድ ላይ ስንጥቅ አበጅተው ያስገቡታል፤ ቀንበጡም እዚያው ሥር እንደ ሰደደ ሆኖ ይበቅላል። ይህ ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የቀንበጡ ልጥ ከግንዱ ልጥ ጋራ፣ እንጨቱም ከእንጨቱ ጋራ በትክክል ካልገጠመ ቀንበጡ ደርቆ ይወድቃል። ልጁ ፍሬድ ይህን ከአያቱ እጅ ተማረ።

ከዚያም ቦውደን ከሚባለው ኮሌጅ በ1899፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ በ1903 ተመርቆ ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የአጥንት ሕክምናን ሥራው አደረገ። በ1907 ሉዌላ ቤሪ የምትባል ሴት አገባ፤ እርስዋም እስከ መጨረሻው አልተለየችውም።

በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክን የአጥንት ሐኪሞች ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቃቸው የነበረው የአከርካሪ ነቀርሳ ነው። የነቀርሳ ተባይ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም ይበላል። በጀርባ አከርካሪ ላይ ሲያርፍ አንዱን ወይም ሁለቱን አጥንት ከፊት በኩል ይቦረቡረዋል፤ አከርካሪው ይደረመስና ሕፃኑ ይጎብጣል፤ አንዳንዱም ከወገቡ በታች ሽባ ይሆናል። ተባዩን የሚገድል መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ ሕፃኑን በጄሶ ጠቅልሎ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ሙሉ ማስተኛት እንጂ ሌላ ዘዴ አልነበረም። ልጅነቱን በሙሉ ጣራ ሲመለከት ኖሮ በመጨረሻው ጎባጣ ሆኖ የሚነሣ ልጅ ብዙ ነበር።

አልቢ የታመመውን አከርካሪ ከውጭ በጄሶ ከመደገፍ ይልቅ ከውስጥ በአጥንት መደገፍ ይሻላል ብሎ አሰበ። በመጀመሪያ በውሾች ላይ ሞከረው። ቀጥሎም በሰው ላይ ኦፕራሲዮን አደረገ። ከበሽተኛው ከራሱ የእግር አገዳ ላይ ረዘም ያለ የአጥንት ቁራጭ ይወስዳል፤ በጀርባ ላይ በእጅ ሲዳሰሱ የሚታወቁትን የአከርካሪ ጫፎች በመሮ ለሁለት ይሰነጥቃል፤ የአገዳውን ቁራጭ በስንጥቁ መካከል ያጋድምና ካንጋሮ ከሚባለው የአውስትራልያ እንስሳ ጅማት በተሠራ ክር ይሰፋዋል። ቁራጩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአከርካሪው ጋራ አንድ ይሆናል፤ የታመመው አጥንትም እንቅስቃሴው ቆሞለት ለመዳን ጊዜ ያገኛል። የሜይኑ ገበሬ የፖም ዛፍ ሥራ እዚህ ላይ ዳግመኛ ታየ፤ መቅኔ ከመቅኔ፣ የአጥንት ልባስ ከልባስ መግጠም አለበት የሚለው የአልቢ ሕግ የልጥና የእንጨት ሕግ ነውና።

ይህን ሥራውን በ1911 በመስከረም ወር ገደማ ለሕክምናው ዓለም አስታወቀ። ለእውነት መመስከር ይገባልና፣ በዚያው ዓመት ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ራስል ሂብስ የሚባል ሌላ የኒው ዮርክ ሐኪም የአከርካሪን አጥንቶች እርስ በርሳቸው የማያያዝ ዘዴ አሳትሞ ነበር። ሂብስ ከሌላ ቦታ አጥንት አላመጣም፤ እዚያው ያሉትን የአከርካሪ ጫፎች እየሰበረ አንዱን በሌላው ላይ ያነባብር ነበር። በአንድ ከተማ በአንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ለአንድ በሽታ ሁለት መንገድ አገኙ፤ የአንደኛው ወገን ሐኪሞችም ከሌላው ወገን ጋራ ለብዙ ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል።

አልቢ አጥንትን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወረ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ዊሊያም ማኬወን የሚባለው ስመ ጥር ሐኪም የአንድ ሕፃን የላይኛ ክንድ አጥንት በበሽታ ጠፍቶ ሳለ፣ ከሌሎች ሕፃናት እግር በኦፕራሲዮን የወጡ ቁርጥራጮችን እየጨመረ መልሶ ሠርቶለታል፤ ይህም በ1880 ገደማ ነው። የአልቢ ሙያ ግን ነገሩን እንደ አናጢ ሥራ በልክ የሚሠራ፣ ሌላውም ሐኪም ተምሮ ሊደግመው የሚችል ማድረጉ ላይ ነው።

ለዚህም አንድ መሣሪያ ፈለሰፈ። በመሮና በመዶሻ አጥንትን መቁረጥ ጊዜ ይፈጃል፤ ቁራጩም ይሰነጠቃል። አልቢ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከር መጋዝ አሠራ። መጋዙ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ስለቶች ስላሉት፣ የሚወጣው ቁራጭ ስፋትና የሚገባበት ቦይ ስፋት እኩል ይሆናል። ሲቆርጥም የጨው ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ምክንያቱም በመጋዙ ግለት የተቃጠለ አጥንት አይገጥምምና ነው። በዚሁ ሞተር ላይ ከበሽተኛው አጥንት ሚስማርና ጠመዝማዛ ብሎን ጭምር ይቀርጽ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ስብራትን በብረት ሰሌዳና በብሎን ማያያዝ ጀምረው ነበር፤ ሆኖም ያን ጊዜ የነበረው ብረት በሰውነት ውስጥ ይዝግና መግል ይፈጥር ነበር። አልቢ ከብረት ይልቅ አጥንትን በአጥንት ማሰር ይሻላል ባይ ነው። በኋላ የማይዝግ ብረት ሲገኝ ይህ ክርክሩ ኃይሉ ቀንሷል። በ1915 ስለ አጥንት መቀጠል ሥራ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአንደኛው የዓለም ጦርነት የአልቢን ጥበብ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ እንዲፈተን አደረገው። የመድፍ ፍንጣሪ አጥንትን ሰብሮ ብቻ አይተወውም፤ ይዞት ይሄዳል። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ በ1918 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኮሎኒያ በምትባለው ስፍራ ለእነዚሁ ቁስለኞች ትልቅ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ተቋቋመ፤ አልቢም የኦፕራሲዮኑ ክፍል አለቃ ሆነ። እዚያ ቁስለኛው አጥንቱ ከተቀጠለለት በኋላ ወዲያው ወደ ቤቱ አይሰደድም፤ በሆስፒታሉ የሥራ ክፍል እንጨት ሥራ ወይም ሌላ ሙያ እየተማረ እጁንና እግሩን ያለማምዳል። አልቢ የሐኪም ሥራ የሚያልቀው ቁስሉ ሲደርቅ ሳይሆን ሰውየው እንጀራውን መብላት ሲችል ነው ብሎ ያምን ነበር። ከጦርነቱም በኋላ የኒው ጀርሲ መንግሥት በፋብሪካና በመንገድ አደጋ የተጎዱ ሠራተኞችን ወደ ሥራ ለመመለስ ያቋቋመውን ኮሚሲዮን ለብዙ ዓመታት በሊቀ መንበርነት መርቷል። መጋዙን የሚያደንቁ ሰዎች ይህን ሥራውን ይዘነጉታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከመጋዙ አያንስም።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንመለስ።

ከራስ አጥንት ቆርጦ መቀጠል መልካም ቢሆንም ዋጋ አለው። በሽተኛው በአንድ ቁስል ምትክ ሁለት ቁስል ይኖረዋል፤ የተቆረጠው እግር ያመዋል፤ አንዳንዴም ይሰበራል። ለትልቅ ጉድለት የሚበቃ አጥንት ከሕፃን ገላ ማግኘት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ከውጭ የሚመጣ መሙያ መፈለግ ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1892 ድሬስማን የሚባል ጀርመናዊ በነቀርሳ የተቦረቦረን አጥንት በጄሶ ሞልቶ ነበር። ጄሶ ግን በሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ይሟሟል፤ አጥንቱ ሳይደርስ መሙያው ያልቃል።

አልቢ ነገሩን ከሌላ በኩል ተመለከተው። ከአጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው ማዕድን ነው፤ ይህም ማዕድን በአብዛኛው ከካልሲየምና ከፎስፎረስ የተሠራ ነው። እንግዲያውስ አጥንት ሠሪው አካል የሚፈልገውን ማዕድን ከስብራቱ ቦታ ላይ ብናቀርብለት ሥራውን አያፋጥንምን? ከሐሮልድ ሞሪሰን ጋራ ሆኖ ልዩ ልዩ የካልሲየም ጨዎችን መረመረ፤ በመጨረሻ ትሪካልሲየም ፎስፌት በሚባለው ላይ አረፈ። ከጥንቸሎች የፊት እግር አጥንት ላይ ቁራጭ አውጥተው ለአንዳንዶቹ በጉድለቱ ቦታ ይህን ማዕድን አንድ ጊዜ በመርፌ ሰጡ፤ ለሌሎቹ ግን ምንም ሳይሰጡ ተዉአቸው። መርፌ ያልተሰጣቸው አጥንታቸው ለመግጠም በአማካይ 41 ቀን ሲፈጅ፣ የተሰጣቸው በ31 ቀን ገጠመ። ውጤቱን በ1920 አሳተሙት። ይህ ጽሑፍ ሰው ሠራሽ የካልሲየም ፎስፌት ለአጥንት ጥገና መዋሉን የገለጸ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። የዝምታው ምክንያት አንድ ብቻ አይመስለኝም። የዘመኑ ኬሚካል እንደ ዛሬው ንጹሕና አንድ ዓይነት ሆኖ አይመረትም ነበር። ልል ዱቄት ደግሞ ቅርጽ ስለሌለው ትልቅ ጉድለትን ሊይዝ አይችልም። ከዚህም በላይ አልቢ ራሱ የራስን አጥንት በመቀጠል ከማንም በላይ የተካነ ሰው ነበር፤ የተሻለ መሣሪያ በእጁ ሳለ ደካማውን ለማሳደግ የሚያስቸኩለው አልነበረም። ጥሩ ሙያተኛ አንዳንዴ የራሱን ሁለተኛ ግኝት በመጀመሪያው ግኝቱ ይሸፍነዋል።

ሰውየው ሥራ ብቻ የሚወድ ነበር ማለትም አይደለም፤ የመሬት ንግድም ያማልለው ነበር። በፍሎሪዳ ግዛት በባሕር ዳር ሰፊ መሬት ገዝቶ፣ ጆን ኖለን የሚባለውን የታወቀ የከተማ ፕላን አውጪ ቀጥሮ፣ ቬኒስ የተባለችውን ከተማ ለመቆርቆር አስቦ ነበር። መሬቱን በ1925 ለባቡር ነጂዎች ማኅበር ሸጠው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የመሬት ዋጋ ወደቀ፤ ማኅበሩም ከሰረ፤ አዲሲቱ ከተማ ነዋሪ አጥታ ቀረች። አልቢ ግን ተመልሶ በ1933 ባዶ የቀረውን አንድ ሆቴል ወደ ሆስፒታልነት ለወጠውና ከሩቅ አገር የሚመጡ በሽተኞችን ሲያክምበት ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሕንፃውን የአሜሪካ ጦር ወሰደው።

የራሱን ታሪክ ጽፎ በ1943 አሳተመ። በ1945 የካቲት 15 ቀን በ68 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ።

አልቢ ከሞተ በኋላ የተረሳው ዱቄት እንደገና ተነሣ። ያነሣውም ሌላ ጦርነት ነው። በ1967 ላሪ ሄንች የሚባል የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር በአውቶቡስ ሲሄድ ከቬትናም ከተመለሰ አንድ ኮሎኔል ጎን ተቀመጠ። ኮሎኔሉ ብረትና ፕላስቲክ በወታደሮች ገላ ውስጥ አልቀበል እያለ ስንት እግር እንደሚቆረጥ ነገረውና ሰውነት የማይጠላው ነገር መሥራት ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀው። ሄንች በ1969 ካልሲየምና ፎስፎረስ ያለበት ልዩ ብርጭቆ ሠራ፤ በአይጦች የጭን አጥንት ውስጥ ሲገባ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነቅሎ ማውጣት እስከማይቻል ድረስ ከአጥንቱ ጋራ ተጣበቀ። በ1971 ደግሞ የአሜሪካ ጦር የጥርስ ሕክምና ተመራማሪዎች ያንኑ የአልቢን ትሪካልሲየም ፎስፌት ወስደው፣ እንደ ሸክላ ተኩሰው፣ ቀዳዳ የበዛበት ጠጣር አደረጉት። ዘዴው በቀዳዳው ላይ ነው። ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ግማሽ የሚያህል ቀዳዳ ሲኖረው የደም ሥርና አጥንት ሠሪው ሕዋስ በውስጡ እየዘለቀ ይገባል፤ አዲሱ አጥንት ሲበቅል ሰው ሠራሹ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ይህም ወራት አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ይህ ጠጠር ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለው እንደ መሰላል ያገለግላል እንጂ አጥንትን በራሱ አይፈጥርም፤ ሸክም በበዛበት ቦታ ብቻውን ቢቀመጥም እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ጉድለቱ ትልቅ ሲሆን ሐኪሞች ዛሬም ከበሽተኛው ከራሱ ዳሌ አጥንት ይቆርጣሉ፤ መጋዙ ግን አሁን በባትሪ ይሠራል።