የገንዘብንና የሰላምን እምነት ለመመለስ የደከመ ሰው
(የጉስታቭ ስትሬስማን አጭር የሕይወት ታሪክ)

በወርቃ ቡና በሚለቀምበት ወራት ገበሬው እሸቱን ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዕለቱን ዋጋ ነው። ዋጋው ከትናንቱ ዝቅ ብሎ ቢያገኘው ያዝናል፤ ነገር ግን የተቀበለው ብር እቤቱ እስኪደርስ ድረስ ከንቱ ወረቀት ይሆንብኛል ብሎ አይሠጋም። እንዲህ ያለው ሥጋት በአንድ ታላቅ ሕዝብ ላይ የወደቀበት ዘመን ነበረ። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፥ በዚያ ዘመን ጀርመንን ከጥፋት ለማዳን የደከመውን የጉስታቭ ስትሬስማንን ታሪክ ለአንባቢያን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስትሬስማን በ1878 በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቢራ እያከፋፈለና አነስተኛ መጠጥ ቤት እያስተዳደረ ቤተ ሰቡን የሚመግብ ሰው ነበረ። ልጁ በትምህርቱ ስለ በረታ በበርሊንና በላይፕሲግ ዩኒቨርስቲዎች ተምሮ ዶክተር ለመባል በቃ። የጻፈውም ጽሑፍ በበርሊን በጠርሙስ ስለሚሸጠው ቢራ ንግድ ነበር። ኋላ ባላጋራዎቹ በዚህ ርእስ ቢያፌዙበትም፥ እርሱ ግን የአባቱን ሥራ ሳያፍርበት መርምሮ የአነስተኛ ነጋዴን ችግር ተማረበት። በ1907 ገና የ28 ዓመት ወጣት ሳለ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ስሕተታቸውን መሸሸግ አይገባንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስትሬስማን ጀርመን የሰው አገር ይዛ እንድትስፋፋ ይደግፍ ነበር። በ1918 ጦርነቱ በሽንፈት ሲያልቅና ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱም አዲሱን ሬፑብሊክ በደስታ አልተቀበለም። ቆይቶ ግን ሬፑብሊኩ ቢፈርስ የሚከተለው የእርስ በርስ ጦርነት መሆኑን ስለ ተረዳ አሳቡን ለወጠ፤ ሬፑብሊኩንም ለመጠበቅ ቆመ።

አሸናፊዎቹ መንግሥታት በ1921 በጀርመን ላይ የጣሉት የጦር ካሣ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነበር። ክፍያው ስለ ተጓደለ በጥር 1923 የፈረንሳይና የቤልጅግ ወታደሮች ሩር የተባለውን የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ያዙ። በዚያ የነበሩት ሠራተኞች ለባዕድ አንሠራም ብለው ሥራ አቆሙ። የጀርመን መንግሥት የእነርሱን ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ ስለሌለው ወረቀቱን ያለ ልክ ያትም ጀመር። ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.20 ማርክ ይመነዘር ነበር፤ በኅዳር 1923 ግን 4,200,000,000,000 ማርክ ደረሰ። ባለዕዳ ዕዳውን በከንቱ ወረቀት ሲከፍል፥ ዕድሜውን ሙሉ የቆጠበ ሽማግሌ ግን ባዶ እጁን ቀረ። በዚያው ጊዜ አያቶቻችን በጠገራ ብርና በአሞሌ ጨው ይገበያዩ እንደ ነበር ስናስብ፥ የሠለጠነ አገር ገንዘብ ከአሞሌ አንሶ መገኘቱ ያስደንቀናል።

ስትሬስማን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በዚህ ጭንቅ ውስጥ በነሐሴ 1923 ነው። መስከረም 26 ቀን በሩር የነበረው ሥራ የማቆም ትግል እንዲያበቃ አወጀ። ብዙዎች ከሐዲ አሉት፤ እርሱ ግን ለትግሉ ሲባል የሚታተመው ወረቀት አገሩን እንደሚገድል ያውቅ ነበር። በኅዳር ወር ሂትለር በሙኒክ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሥቶ ከሸፈበት። በዚሁ ወር አጋማሽ ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ ሉተርና ሻኽት የተባሉት ሹማምንትም በዚህ ሥራ ብዙ ደክመዋል። የገንዘቡ መጠን የተወሰነ ሲሆን፥ ዋስትናው የአገሪቱ እርሻና ፋብሪካ ነበረ። ቡናና እንሰት ባበቀለ መሬት የሚኖር የጌዴኦ ሰው ይህን ዋስትና ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ ሬንተንማርክ በአንድ ትሪሊዮን አሮጌ ማርክ ተለወጠ፤ ገበያውም ጸጥ አለ። ስትሬስማን ግን በዚያው ወር ምክር ቤቱ እምነት ስለ ነፈገው ከሥልጣኑ ወረደ። ያገለገለው ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በ1925 በሎካርኖ ከፈረንሳዩ ብሪያንና ከእንግሊዙ ቼምበርሌን ጋር ስለ ምዕራቡ ወሰን ተዋዋለ። በ1926 ጀርመን ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ እርሱና ብሪያንም የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈሉ። አገራችን ኢትዮጵያ በዚህ ማኅበር ቀድማ የተቀመጠች ነበረች፤ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ጥረት የገባችው በመስቀል በዓል ቀን መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ይህም ስትሬስማን የሩርን ትግል ባቆመ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ የጀርመን ብልጽግና የቆመው ከአሜሪካ በተገኘ ብድር ላይ ነበር፤ ስትሬስማንም ይህን አደጋ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። በምሥራቁ ወሰን በኩል ግን እርሱ ራሱ ለውጥ ይፈልግ ስለ ነበር እርቁ ሙሉ አልሆነም። ሕመም ሲያደክመው ቆይቶ ጥቅምት 3 ቀን 1929 በ51 ዓመቱ ሞተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ አበዳሪዎች ገንዘባቸውን ጠየቁ፤ በ1932 መጀመሪያ ሥራ አጡ ከ6 ሚሊዮን በለጠ። ቁጠባቸው የጠፋባቸውና ሥራ ያጡት ብዙዎች የሂትለርን ድምፅ ሰሙ። ሂትለር በጥር 1933 ሥልጣን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ጀርመን ከማኅበሩ ወጣች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው ሲጮኹ፥ ማኅበሩ ቃሉን ለመፈጸም አቅቶት ነበር። የአውሮፓ መታመም እስከ ኢትዮጵያ ምድር ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ ሰው ታሪክ እኛ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ስሕተትን ተረድቶ አሳብን መለወጥ ውርደት አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ገንዘብም ሆነ ሰላም የሚቆመው በእምነት መሆኑና፥ እምነትም በብድርና በአንድ ሰው ትከሻ ብቻ ተደግፎ የማይዘልቅ መሆኑ ነው። አንድ ሰው የጀመረውን በጎ ሥራ ብዙዎች ካልተረከቡት ከእርሱ ጋር ይቀበራልና፥ እኛም ከመምህሮቻችንና ከወላጆቻችን የተረከብነውን ለሚከተሉን ለማስረከብ እንትጋ።